ሥራ ከመቀየርዎ በፊት ክረምቱን ይዩት

ጅማ ላይ ሥራ የመቀየር ሐሳብ የሚበረታው በኅዳር ነው። እሸት ቡና ከየወረዳው ይገባል፤ በየግቢው ከነቅርፊቱ እንዲደርቅ የተሰጣው ጀንፈል ቡና እስከ መንገድ ይሸታል፤ አይሱዙዎች ጆንያ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ይሰለፋሉ። ደመወዝተኛው ከሥራ ወጥቶ በረንዳ ላይ ማኪያቶውን ይዞ ቁጭ ሲል፣ አብሮት የተማረው ልጅ የእርሱን የዓመት ደመወዝ በሁለት ወር እንዳገኘ ይሰማና መልቀቂያውን በልቡ እየጻፈ ያድራል። ያው ነጋዴ ደግሞ በሐምሌ ዝናብ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ምነው ለእኔም የወር ደመወዝ በነበረኝ» ሲል ይገኛል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የሌላውን ሥራ ያዩት በደጉ ወሩ ብቻ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ሁለት ጊዜ ሥራ ቀይሬ አንዱን ስላበላሸሁት፣ ሌላውን ግን እስከ ዛሬ ስለያዝኩት ነው። የመጀመሪያውን ሥራ የመረጥኩት በደግ ወሩ አይቼው ሲሆን፣ ሁለተኛውን የመረጥኩት በክፉ ወሩ ውዬበት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ ልዩነት የወጣ ነው።

የሰለቸዎት ምኑ ነው?

«ሥራዬን ጠላሁት» የሚለው ቃል ውስጥ ብዙ ነገር ተጠቅልሎ ይገኛል። አለቃው ሊሆን ይችላል፤ ደመወዙ፣ የመንገዱ ርቀት ወይም የሥራ ባልደረቦቹ ሐሜት ሊሆን ይችላል፤ የሥራው ይዘት ራሱም ሊሆን ይችላል። ሙያ መቀየር የሚፈውሰው የመጨረሻውን ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። አለቃ ጠልተው ሙያ የሚቀይሩ ሰዎች አዲሱ ቦታ ላይ ሌላ አለቃ ይጠብቃቸዋል፤ እንዲህ ላለው ችግር ዝውውር መጠየቅ ወይም ያንኑ ሙያ ይዞ ሌላ መሥሪያ ቤት ማንኳኳት ይበቃል።

ለመለየት የሚረዳው ቀላሉ መንገድ ማስታወሻ መያዝ ነው። ለአንድ ወር ያህል በየማታው ሁለት መስመር ይጻፉ፤ አንደኛው በዕለቱ አልገፋ ያለዎትን ሰዓት፣ ሁለተኛው ሳያውቁት ያለፈውን ሰዓት የሚመዘግብ ይሁን። ማስታወሻውን በየቀኑ አያንብቡት፤ ወሩ ሲሞላ በአንድ ጊዜ ያንብቡት። እኔ ያን ጊዜ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ፤ ማስተማር የሰለቸኝ ይመስለኝ ነበር። ማስታወሻዬን ሳነበው ግን ከባዱ ሰዓት ሁልጊዜ የአራት ክፍል የፈተና ወረቀት የማርምበት ሰዓት ሆኖ፣ ሳላውቀው ያለፈው ሰዓት ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ቤተ ሙከራ ውስጥ የምውልበት ሆኖ አገኘሁት። መመዘን፣ ማወዳደር፣ የታየውን መመዝገብ እወዳለሁ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ግን በሁለተኛው ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ማስታወሻ የሚባል ነገር አልያዝኩም።

የግንቦትን ገቢ በአሥራ ሁለት ማባዛት

በመጀመሪያው ጊዜ ያደረግሁት እንዲህ ነው። በመጋቢት ወር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትን፤ እርሱ ቀን፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ እንሠራ ነበር። ግንቦት ሲገባ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊያሳትሙና ሊያስጠርዙ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ይሰለፉ ጀመር። የቀለም ዱቄቱ እጃችን ላይ አልለቅ እስኪል ሠራን። አንድ ማታ ሒሳብ ማሽኑን አንስቼ የወሩን ገቢ በአሥራ ሁለት አባዛሁትና በማግሥቱ መልቀቂያ አስገባሁ። የአንድ የኬሚስትሪ መምህር ስሌት ይህ ነበር።

ሐምሌ ሲመጣ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። ዝናቡ ከጠዋት ይጀምራል፣ መብራት ይሄዳል፤ የዕለቱ ደንበኛችን የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ አንድ ሰው ሆኖ ይውላል። የቤት ኪራዩን የስድስት ወር አስቀድመን ከፍለን ስለነበር መዝጋትም አልቻልንም። መስከረም ላይ ማሽኑን ሸጥን፤ እኔም በሌላ ትምህርት ቤት እንደ አዲስ ተቀጥሬ ወደ ጠመኔዬ ተመለስኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ጥፋቱ በፎቶ ኮፒ ሥራው ላይ አይደለም፤ አካባቢውን የለመዱ ሰዎች በዚያው ሥራ ቤት ሠርተውበታል። እነርሱ ሐምሌንና ነሐሴን ከግንቦት ላይ ቀንሰው ማስቀመጥ ያውቃሉ፤ እኔ ግን ግንቦትን ብቻ አየሁ። ጅማ የቡናና የተማሪ ከተማ እንደ መሆኗ በውስጧ ያለው ሥራ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከባጃጅ እስከ ምግብ ቤት፣ ከቤት ኪራይ እስከ ልብስ ስፌት፣ ወይ ከቡናው ወይ ከተማሪው ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሚያስቡት ሥራ ከየትኛው ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ ሳያውቁ ገቢውን ለማስላት አይሞክሩ።

አንድ ተራ ቀን መዋል

ይህች ከተማ ለትምህርት ቅርብ ናት። የእርሻ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተ ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. ከጤና ሳይንስ ተቋሙ ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዚህም የተነሣ ይመስለኛል፣ እዚህ ሥራ መቀየር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ትምህርት መመዝገብ ነው። ትምህርቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ሁለትና ሦስት ዓመት ከፍለው ተመርቀው፣ ሥራውን በገቡበት በመጀመሪያው ወር «ይህ አልነበረም ያሰብኩት» ያሉ ሰዎችን አውቃለሁ። ከምዝገባ ክፍያው በፊት አንድ ተራ ቀን በሥራው ላይ መዋል እጅግ ይረክሳል፤ ያ ቀን ትምህርቱ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ካስፈለገም የትኛው እንደሆነ ይነግርዎታል። ለብዙ የእጅ ሙያዎች አጭር ሥልጠናና የሙያ ብቃት ምዘና ይበቃሉ፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ያለ ዲግሪ በሩም አይከፈት።

ቀኑን ለማግኘት የሚጠየቀው ጥያቄ ወሳኝ ነው። «ሥራ ይፈልጉልኝ» ከተባለ ሰውየው ሸክም ይሰማዋል፤ አይቶ እንዳላየም ይሆናል። «አንድ ቀን አብሬዎት ልዋል፣ እንዳልረብሽ ጥግ እቆማለሁ» ቢባል ግን እምቢ የሚል ሰው ብዙም አልገጠመኝም። በሚያውቀውና በሚያከብረው ሰው በኩል ማስጠየቁ ይረዳል። በተቻለ መጠን ሥራው ቀዝቀዝ ባለበት ወቅት ይሂዱ፤ በጥድፊያ ወር ሰውየው ሊያስረዳዎት ጊዜ የለውም፤ እርስዎም ግርግሩን ከሥራው ጋር ሊያምታቱት ይችላሉ።

እኔ በሐምሌ፣ ትምህርት በተዘጋ ጊዜ፣ አንድ ቡና ቀማሽ ዘንድ ሄድኩ። ብዙ ዓመት በሙያው የቆዩ አንጋፋ ሰው ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ቀጥለው የጠየቁኝ ስለ ትምህርት ደረጃዬ አልነበረም።

«አንተ ልጅ፣ ጠዋት ምን በላህ?»

«ፍርፍር፣ ጋሼ።»

«ነጭ ሽንኩርት አለበት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ዛሬ እያየህ ዋል፤ ነገ ሳትበላ ና። ሽቶም እንዳትቀባ።»

በማግሥቱ ባዶ ሆዴን ደረስኩ። ከእያንዳንዱ ናሙና አምስት አምስት ስኒ ተደርድሯል፤ አንዱ ስኒ እንኳ ከአራቱ ቢለይ ናሙናው ወጥ አይደለም ማለት ነው። ለስለስ ተደርጎ የተቆላው ቡና ተፈጭቶ ፍል ውሃ ተጨመረበትና ጠበቅን። አራት ደቂቃ ያህል ሲሆነው ጋሼ አፍንጫቸውን እስከ ስኒው ጠርዝ ድረስ አስጠግተው የተንሳፈፈውን ሽፋን በማንኪያ ገፋ አደረጉት፤ ያን ጊዜ የሚወጣውን ሽታ ለመያዝ ያለዎት ጊዜ አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከዚያ በማንኪያ ጨልፎ፣ ድምፅ እያሰሙ መማግና መትፋት ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ ቡና ቢጠጡ እናትዎ ይቆጡዎታል።

ይህ የሥራው መልክ ነው። ሰው ሁሉ የሚመኘውም ይህን ነው። ሆኖም ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የቀረውን ቀን ያሳለፍነው ጥሬ ቡና ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ጥቁሩን፣ ነፍሳት የበሳውን፣ የተሰባበረውን ፍሬ አንድ በአንድ እየለየን በመቁጠርና በመመዝገብ ነው። በአገራችን የታጠበ ቡና ደረጃ ሲወጣለት ከመቶ 60ው ነጥብ ለጣዕሙ፣ 40ው ደግሞ ለዚህ ለጥሬው ምርመራ ይሰጣል፤ አንድ ቀን ያልዋለ ሰው አርባውን አያውቀውም። ከእኔ ጋር መጥቶ የነበረ ሌላ ወጣት ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ስልኩን መነካካት ጀመረ፤ ከሰዓት በኋላም አልተመለሰም። እኔ ቀና ስል አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ያን ማታ በማስታወሻዬ ሁለተኛ መስመር ላይ ምን እንደጻፍኩ ይገምቱታል።

ሲውሉ ሦስት ነገር መጠየቅዎን አይርሱ፤ በክረምት ምን እንደሚሠሩ፣ ገንዘቡን ማን በየትኛው ወር እንደሚከፍል፣ በመጀመሪያው ዓመት ያበላሹት ምን እንደነበር። ሰው ስለ ገቢው መጠን ሲጠየቅ ይሸሻል፤ ስለ ወሩ ሲጠየቅ ግን ይናገራል፤ ከወሩ ተነሥቶ መጠኑን መገመት ይቻላል። ሦስተኛውን ጥያቄ በደስታ ይመልሱልዎታል፤ ከሁሉም የበለጠ የሚጠቅምዎትም እርሱ ነው። አንድ ሰው ብቻ አይጠይቁ። ተሳክቶለት የቆየውንም፣ ትቶ የወጣውንም ያነጋግሩ፤ ትቶ የወጣው ምሬት ቢኖርበትም ምስጢር አይደብቅም።

ወረቀቱን በወር መከፋፈል

ሐሳቤን ለባለቤቴ ስነግራት ስለ ቡናም ስለ ሙያም አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። «ነሐሴ ላይስ?» ብቻ አለችኝ። የፎቶ ኮፒ ቤቱን አልረሳችውም። በዚያ ማታ ያወጣነው ስሌት ዛሬም የምመክረው ስሌት ነው።

አንድ ወረቀት ላይ የወራቱን ስም ከመስከረም እስከ ነሐሴ ወደ ታች ይጻፉ፤ በመጨረሻ ጳጉሜንን ይጨምሩ። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ ቤት ግን አምስት ቀን ይበላል፣ በየአራት ዓመቱም ስድስት። በእያንዳንዱ ወር ፊት ለፊት አዲሱ ሥራ በዚያ ወር የሚያስገባውን ዝቅተኛ ግምትና ቤትዎ በዚያ ወር የሚያወጣውን ይጻፉ። ወጪውም እንደ ገቢው ወር ይመርጣል፤ መስከረም የልጆች ምዝገባና ደንብ ልብስ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል አለበት፤ አረፋና ኢድ በየዓመቱ ወራቸው ስለሚዞር የዚያን ዓመቱን መመልከት ያስፈልጋል። ለምሳሌ የቤቱ ወጪ በወር 15,000 ብር ቢሆንና ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት አራት ወራት ግማሹን ብቻ የሚሸፍኑ ቢሆኑ፣ ጉድለቱ 30,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ሥራ ከመልቀቅዎ በፊት በእጅዎ መኖር አለበት። የዓመቱን ገቢ ደምሮ ለአሥራ ሁለት ማካፈል ግን የእኔን ስሕተት በሌላ መንገድ መድገም ነው፤ በነሐሴ የሚራበው ሰው በኅዳር እንደሚጠግብ ማወቁ አያጠግበውም።

እቁብ ላይ ይጠንቀቁ። እቁብዎን አስቀድመው በልተው ከሆነ የቀረው ክፍያ ዕዳ ነውና በወጪው ረድፍ ይግባ። የመሥሪያ ቤቱ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ብድር ካለብዎ ሲለቁ በአንድ ጊዜ ሊጠየቁት ይችላሉ፤ አስቀድመው ያነጋግሯቸው። ዋስ የሆኑለት ባልደረባ ካለ፣ ዋስትናው እርስዎ ሲለቁ ምን እንደሚሆን ለእርሱም ለእርስዎም ግልጽ ይሁን፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ክሊራንስ ለማስፈረም ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ነው።

ሕጉና ቀኑ

በግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆኑ የሚመለከትዎት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ስለሆነ የሰው ኃይል ክፍሉን ይጠይቅ። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ሳይሰጥ ቢሄድ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለባቸው፤ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ የተጻፈበት የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ ካለ በገንዘብ ይታሰብልዎታል።

የሥራ ስንብት ክፍያ ላይ ቀን መቁጠር ያስፈልጋል። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ ይህን ክፍያ የሚጠይቀው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለና አሠሪው ባስተማረው ትምህርት ምክንያት የማገልገል ግዴታ ከሌለበት ነው፤ ስሌቱም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ እኔ መልቀቂያዬን ያስገባሁት አምስት ዓመት ሊሞላኝ አራት ወር ሲቀረኝ ነበር። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንንም አልጠየቅሁም። በሐምሌ፣ ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ አዋጁን ሳነብ ነው የገባኝ።

አዲስ ቅጥር ሲገቡ የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብትዎት ስለሚችል፣ እስኪያልፍ ድረስ የቤት ዕቃ በብድር አይግዙ። የግል ሥራ ለመጀመር ከሆነ ደግሞ ለጡረታዎ ከደመወዝዎ ከሚቆረጠው 7 ከመቶ ጋር አሠሪው ይጨምር የነበረው 11 ከመቶ እንደሚቀር አስበውበት ይልቀቁ፤ የእርጅናው ቁጠባ ከዚያ በኋላ በእርስዎ ላይ ብቻ ነው።

ዘመድ ያስቸግራል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አልወድም። በተለይ ወላጆች የወር ደመወዝን እንደ ቤት ምሰሶ ስለሚያዩት «ቁርጥ ደመወዝ ትተህ?» ይላሉ። ክርክር አይግጠሙ። የወራቱን ወረቀት አውጥተው የነሐሴን ረድፍ ያሳዩዋቸው። አባቴ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየና «ይኸኛው ይሻላል» ብሎ መለሰልኝ፤ ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

በመጨረሻም ወሩን እርስዎ ይምረጡት። በሁለተኛው ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ስለነበር መልቀቂያዬን በግንቦት መጨረሻ አስገባሁ፤ የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ከትምህርቱ መዝጊያ ጋር ስለገጠመ ተማሪዎቼን መሐል ላይ አልተውኳቸውም፤ የስንብት ክፍያዬም ከነሐሴ ጉድለት ላይ ጥሩ ቁራጭ ሸፈነ። አዲሱን ሥራ በሐምሌ መጀመሪያ ያዝኩ፤ አዲስ ሰው ለማሠልጠን ጊዜ የነበራቸው ያን ጊዜ ነበርና ደመወዙ ከመምህርነቴ ያነሰ ቢሆንም በደስታ ተቀበልኩት። የሙከራ ጊዜዬ በመስከረም አለቀ። ጥቅምት ላይ የዘመኑ የመጀመሪያ ናሙና ጠረጴዛው ላይ ሲደረደር ጋሼ ማንኪያ አቀበሉኝ፤ በዚያ ጠዋት ፍርፍር አልበላሁም።